አባ ጭስ የሳለው ቦርድ

አባ ጭስ የሚለውን ስም ያወጣለት ሰው የለም፤ ያወጣችለት የመጀመሪያዋ ሬዲዮ ናት። ጎረምሳ ሳለ አንዲት የተበላሸች ሬዲዮ ለምኖ ወስዶ፣ ፈታትቶ፣ እንደገና ገጣጥሞ፣ ጎረቤቱን ሁሉ ሰበሰበና «አሁን ስሙ!» ብሎ ሶኬቱን ሰካ። ሬዲዮዋ አልተናገረችም፤ ጨሰች። ጭሱ በመስኮት ወጣ፣ ስሙ በበር ገባ። ከዚያ ወዲህ ስንቱን ሬዲዮ ከሞት አስነሥቷል፤ ስሙን ግን የሚጠግንለት አልተገኘም። ዛሬ ጡረታ ወጥቶ፣ ፀጉሩ ነጭ ሆኖ እንኳ የክሊኒኩ ነርስ የምትጠራው «አባ ጭስ ይግቡ» እያለች ነው።

የሚሠራው ከቤቱ ጓዳ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መብራት፣ በጭንቅላቱ ላይ በላስቲክ የሚያስራት ማጉያ መነጽር፣ ከዚያ የተረፈው ሁሉ ሽቦ ነው። አንድ የማይለቀው ልማድ አለው። ማንኛውም የሬዲዮ ቦርድ እጁ ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው በግንባሩ መድፋት ነው። ዕቃዎቹ የተደረደሩበትን ፊቱን ለአፍታ እንኳ አያየውም። «ፊቱ ለጌጥ ነው፤ ጉዱ ያለው ከጀርባው፣ ብየዳው ላይ ነው» ይላል። ሚስቱም «እኔንስ ቢሆን መቼ ፊቴን አይተኸው ታውቃለህ? ምግብ አስቀምጬ ስወጣ ጀርባዬን ነው የምታውቀው» ትለዋለች። እሱ ቀና ሳይል «እህ» ይላል።

እህ። የዚህ ሰው ግማሽ ቋንቋው ይህ ነበር። የሆዱን ለመናገር ሲሆን አፉ ላይ ቁልፍ ይወርድበታል። ሚስቱን ሲያጫት እንኳ አፍ አውጥቶ አልጠየቃትም። የአባቷን ቤት ሬዲዮ ሊጠግን ገባ፣ ጠገነ፤ በሳምንቱ «ደግሜ ልየው» ብሎ መጣ፤ በሌላው ሳምንት «ድምፁ አላማረኝም» ብሎ መጣ። በመጨረሻ እሷው ናት ወገቧን ይዛ «ስማ፣ ይሄ ሬዲዮ ካንተ ይበልጥ ጤነኛ ነው። የምትለው ካለ በል፣ የለም ካልክ ሬዲዮውን ተወው» ያለችው። «እህ» አለ። እሷም አዎ ማለቱ ነው ብላ አገባችው፤ እስከ ዛሬም አልተሳሳትኩም ትላለች፣ ከተናደደችበት ቀን በስተቀር።

ከጡረታ በኋላ የከተማው የአማተር ሬዲዮ ክበብ ጠጋኝ ሆነ። የክበቡ ሰዎች ለመዝናኛ ብለው ኪት የሚገዙ ናቸው። ኪት ማለት ከረጢት ውስጥ ባዶ ቦርድ፣ እፍኝ ሙሉ ባለ እግር ዕቃና አንድ ወረቀት ነው፤ ወረቀቱን እያዩ ራሳቸው ይበይዱትና በአየር ላይ የሚነጋገሩበት ሬዲዮ ይሆናል። መሆኑስ ይሆናል፤ መጀመሪያ ግን ሁሉም አባ ጭስ ዘንድ ይመጣል። እሱም ሲጠግን ዝም ብሎ አይጠግንም፤ ያሻሽላል። አንዷን ነቅሎ ሌላዋን ይተክላል፣ ሽቦ በሽቦ ላይ ያስተላልፋል። ከዓመታት በኋላ በከተማው ያለ አንድም ሬዲዮ ከፋብሪካው ወረቀት ጋር አይመሳሰልም ነበር።

የክበቡ ሊቀመንበር ፋርማሲስት ነው፤ ያለ ማዘዣ ወረቀት ሳል እንኳ የማይስል ሰው። «አባ ጭስ፣ እባክዎን የቦርዱን ሥዕል በወረቀት ያስቀምጡልን» እያለ ይለምናል። አባ ጭስም «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ዛሬ ሥዬ ነገ ባሻሽለው ወረቀቱ ሊሟገተኝ ነው?» ብሎ ይመልሰዋል። ፋርማሲስቱ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል፣ በወሩ ተመልሶ ይመጣል።

አባ ጭስ አንዲት ታላቅ እህት አለችው። እሱ እትዬ ስለሚላት ክበቡም በሙሉ እትዬ ነው የሚላት። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ትንሽ ነበር፤ በስፌት መኪና ያሳደገችው እሷ ናት። አሁን ባሏ ሞቶ ልጇ ሩቅ አገር ገብታ፣ ከተራራው ማዶ በአባታቸው ቤት ብቻዋን ትኖራለች። ስልክ እዚያ አይደርስም። ስለዚህ አባ ጭስ እንደ ክበቡ ያለች ሬዲዮ ሠርቶ፣ ፈቃድ አስወጥቶላት፣ አንቴና ተክሎላት መጣ፤ ለክፉ ቀን ብሎም አንዲት ትንሽ መበየጃ በሬዲዮዋ ሳጥን ውስጥ ተወላት። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ይነጋገራሉ። ይነጋገራሉ ስል እሷ ትናገራለች፣ እሱ «እህ» ይላል። አየር ደግሞ አጥር የለውም፤ የክበቡ ሰዎች ሥራቸውን ትተው እትዬን ያዳምጣሉ። የጎረቤቷን አውራ ዶሮ ጠባይ ከባለቤቱ አስበልጠው ያውቃሉ።

እንግዲህ ነገሩ ወዲህ ነው። አባ ጭስ አንቴናውን ሊያጠብቅ ጣሪያ ላይ ወጥቶ፣ ከአንቴናው ቀድሞ እሱ ወረደ። እግሩ በጀሶ ታሰረ። እትዬ የሰማች ቀን ከሳቀችም በኋላ ከረገመችም በኋላ ድምፅዋን ቀየረችና እንዲህ አለች፦

«ስማ፣ አንተ ልጅ። ልጄ ቅዳሜ መጥታ ልትወስደኝ ነው። እኔ ግን ባሕር ማዶ ሄጄ ከማን ጋር አወራለሁ? ልሂድ ወይስ እናንተ ጋ ልምጣ? አንድ ጊዜ ነው የምጠይቅህ። ሁለተኛ አልጠይቅም።»

አባ ጭስ ልቡ ዘለለ። ይህን ቃል ስንት ዓመት ሲመኘው ኖሯል፤ ደፍሮ ነይ ማለት አቅቶት እንጂ። ግን ቤቱ የሚስቱም ነውና «ቆይ» አለ፤ ማይኩን አስቀምጦ ወደ ጓዳ ተጣራ። ሚስቱ እጇን እየጠረገች መጣች፣ ሰማች፣ ጮኸችበት፦ «ይሄ ደግሞ ይጠየቃል? ትምጣ በላት እንጂ! ምን ያስጠብቅሃል?»

ማይኩን አንሥቶ «ነይ!» አለ። በሕይወቱ ፈጥኖ የተናገራት ብቸኛ ቃል ሳትሆን አትቀርም።

«ሃሎ?» አለች እትዬ። «አለህ?»

«አለሁ! ነይ!»

«ዝም አልክ እኮ። ቆይ ብለህ ጠፋህ።» ትንሽ ጠበቀች። «እሺ። ዝምታም መልስ ነው። ገባኝ።» ዘጋች።

በማግስቱ በሰዓቷ መጣች። «ሰላም ልልህ አይደለም የከፈትኩት» አለች። «አንተ ካኮረፍክ እኔም ማኩረፌን እንድታውቀው ነው።» ከዚያ ኩርፊያዋን ለማስረዳት የምግብ ሰዓት እስኪያልፍ ተናገረች። የትኛውን ሻንጣ እንዳወጣች፣ የትኛው መቀስ እንደጠፋባት፣ አውራ ዶሮው ለማን እንደሚቀር። አባ ጭስ «እትዬ! እትዬ!» ይላል፤ እሷ «አሁንም ዝም?» ትላለች። ፋርማሲስቱ ገብቶ ጠራት፤ አልሰማችውም። ሌሎችም ጠሯት፤ ጭራሽ። በመጨረሻ «ሬዲዮኑ እንደሆን ደህና ነው፣ ሽውውው ይላል፤ የተበላሸ ነገር ድምፅ ያወጣል? የተበላሸኸው አንተ ነህ» ብላ ዘጋች።

አባ ጭስ ጠረጴዛውን መታ። «ሽውውው! ሰማሽ?» አለ ለሚስቱ። «ሪሌዋ ናት! እግሯ ከብየዳው ለቋል!» ሪሌ ማለት ሲናገሩ አንቴናውን ለመናገሪያው፣ ሲያዳምጡ ለመስሚያው የምታቀብል ትንሽ ጥቁር ሳጥን ናት። አሁን ለመናገሪያው ታቀብላለች፣ ለመስሚያው ግን ከልክላለች። እትዬ መናገር ትችላለች፤ መስማት አትችልም። ሚስቱ «ታዲያ በምን ተለየ? ድሮስ?» ልትል ነበር፤ ፊቱን አይታ ተወችው።

ወደ ማዶ የሚሄደው አውቶቡስ ነገ ይነሣል፤ ከዚያ በኋላ እስከሚቀጥለው ሳምንት የለም። ሚስቱ ሄዳ እንዳትነግርለት፣ አባ ጭስ ያለ እሷ ከአልጋ አይወርድም። ሬዲዮው እንዳይመጣ፣ ከዚያ አውቶቡስ በጤና የወረደ ዕቃ የለም። «በሹፌሩ ቃል ላክባት» አለችው።

«በእሱ አፍ? ባለፈው ‘ጉንፋን ይዞታል’ በልልኝ ብዬ ብልከው እትዬ ጥቁር ለብሳ መጣች እኮ!»

እውነት ነበር። ለቅሶ ደራሾችም አስከትላ ነበር የመጣችው።

«እንግዲያው ምን ልታደርግ ነው?»

አባ ጭስ ማጉያ መነጽሩን አወረደ። «ሥዕል እልክላታለሁ» አለ። «ራሷ ትጠግነዋለች።»

አቤት የዚያን ቀን! ከክበቡ አንድ ተመሳሳይ ሬዲዮ አስመጣ፣ ቦርዱን አውጥቶ እንደ ልማዱ በግንባሩ ደፋው። የሚስቱን ባለ ቀለም እርሳሶች ለመነ። እትዬ የዕቃዎቹን ስም ስለማታውቅ እያንዳንዱን በሚያስታውሰው መልኩ ሳለው፦ ቢጫዋን ክብ፣ መንታዎቹን ቀያዮች፣ አብረቅራቂዋን፣ ጥቁሯን ሳጥን። ሥር ሥሩ ጻፈ፦ መጀመሪያ አጥፊ። ክዳኑን ፍቺ። ከታች በስተግራ ጥቁር ሳጥን አለች፤ ከዳር ሦስተኛዋን እግር በትንሿ መበየጃ እስክታበራ ድረስ ንኪ። ከዚያ ክፈቺ። ፋርማሲስቱ ሊጠይቅ መጥቶ ሥዕሉን ሲያይ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ሰነድ!» አለ። «በመጨረሻ ሰነድ!» ሮጦ ኮፒ አስነሥቶ ለክበቡ በሙሉ አደለ።

ሚስቱ በትከሻው ላይ አይታ «ታች ላይ አንዲት ቃል ጨምርበት» አለችው። «ነይ ብለህ ጻፍ።»

«ይሄ የቴክኒክ ሰነድ ነው» አለ አባ ጭስ። «የቤተሰብ ጉዳይ አይገባበትም። ሬዲዮው ሲድን በአፌ እነግራታለሁ።»

«በየትኛው አፍህ?» አለች ሚስቱ። እሱ ግን ወረቀቱን አጥፎ ለሹፌሩ በሚሰጠው ፖስታ ውስጥ ከትቶ ነበር። የደረቅ ነገር! አንድ ቃል ነበር እኮ። ግን ለዚህ ሰው ያቺን ቃል በእጁ ከመጻፍ አንድ ሙሉ ቦርድ በቀለም መሣል ይቀለዋል፤ እንዲህ ያለ ፍጥረት ነው፣ ምን ይደረግ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ እትዬ ከፈተች።

«ወረቀትህ ደርሷል» አለች። «ሰላምታ እንኳ የለበትም፤ ‘መጀመሪያ አጥፊ’ ብሎ ነው የሚጀምረው። ለነገሩ ነገ ሂያጅ ነኝ። ግን የሰጠኸኝን ዕቃ አበላሽታ ሄደች እንዳትል እሠራዋለሁ። ክዳኑን ፈትቼዋለሁ። እንግዲህ … ቢጫ ክብ በስተቀኝ ብለሃል። ቢጫዋ ያለችው በስተግራ ነው።»

አባ ጭስ ክው አለ።

«መንታዎቹን ቀያዮች በስተግራ ብለሃል፤ በስተቀኝ ናቸው። አንተ ልጅ፣ ግራና ቀኝህን ያስተማርኩህ እኔ አይደለሁ? ምን ነካህ?»

ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ የተደፋውን ቦርድ አየ። አነሣው። ዕድሜውን ሙሉ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ ገለበጠውና ፊቱን አየ። ቢጫዋ በስተግራ ናት። ሰው ሁሉ ቦርድ ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው ፊቱን ነው፤ እሱ ደግሞ የሳለው ከጀርባው ነው። የትኛው ጎን እንደሆነ አልጻፈም፤ ሌላ ጎን እንዳለም ትዝ አላለው።

ፋርማሲስቱ ኮፒውን ይዞ በአየር ላይ ገባ። «አባ ጭስ፣ የኔም ቢጫዋ በስተግራ ናት … ምናልባት የኔ ሬዲዮ ተገልብጦ ይሆን የተሠራው?»

«ውጣልኝ ከዚህ!» አለ አባ ጭስ።

እትዬ ይህን ሁሉ አትሰማም። «ይሁን» አለች። «ከታች በስተግራ ሳጥን አለች ብለሃል። አለች አንዲት ሳጥን፣ ግን አብረቅራቂ ናት፤ ጥቁር አይደለችም። ምናልባት ጥቁር እርሳስ እንጂ የብር ቀለም አልነበረህም። እንግዲህ አንተ ካልክ ሦስተኛዋን … ይቺስ እግሯ ሁለት ብቻ ነው። ይሁን፣ ሁለተኛዋን ነው እንላለን። ትንሿ መበየጃ ካውያህ ግላለች። በሰነድህ መሠረት አጠፋሁ።»

ድምፅዋ ተቆረጠ።

አብረቅራቂዋ ክሪስታሏ ናት፣ የሬዲዮው ልብ። እሷን በመበየጃ ከለበለበች መስማቱ ብቻ ሳይሆን መናገሩም ያበቃል። ነገ ልጇ መጥታ ትወስዳታለች። አባ ጭስ ማይኩን ጨብጦ ጮኸ፦ «አትንኪያት! እትዬ! ገልብጪው! ሥዕሉ ከጀርባ ነው!»

«አጥፍታዋለች እኮ» አለች ሚስቱ ቀስ ብላ። «ብትከፍተውም አትሰማም።»

«አውቃለሁ!» አለ። ግን ጣቱን ከማይኩ አላነሣም። የሚሰማ የለም። የሚሰማ አለመኖሩ ይመስለኛል ያንን ቁልፍ የከፈተው፤ የክበቡ ሰው ሁሉ እንደሚያዳምጥ እንኳ ረሳ።

«እትዬ» አለ፣ አሁን ሳይጮኽ። «ቆይ ያልኩሽ ችላ ልልሽ አልነበረም። እሷን ልጠራ ነው። እሷም ትምጣ አለች፣ እኔም ነይ አልኩ፣ ሬዲዮው ነው ያስቀረው። አትሂጂብኝ። ባሕር ማዶ ከሄድሽ ሁለተኛ የማገኝሽ አይመስለኝም። ሽማግሌ ሆኛለሁ፣ ግን ፈራሁ። እናታችን የሞተች ቀን ከስፌት መኪናው ሥር ገብቼ ተኝቼ ነበር። አንቺ ምንም ሳትዪ ስትሰፊ አመሸሽ፣ መርገጫው ጆሮዬ ሥር ቷ ቷ ሲል እንቅልፍ ወሰደኝ። ከዚያ ወዲህ አመሰግንሻለሁ ሳልልሽ አረጀሁ። እህ የምልሽ የምለው ስለሌለኝ አይደለም፤ ስታወሪ እንዳላቋርጥሽ ነው። የፊተኛውን ክፍል ላንቺ ብለናል፣ ፀሐይ የሚገባበትን። የስፌት መኪናሽን ከመስኮቱ ሥር እናደርገዋለን። ነይልኝ። እለምንሻለሁ፣ ነይልኝ።»

ሚስቱ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ይህን ያህል ቃል ከባሏ አፍ ሲወጣ ሰምታ አታውቅም፤ ከየት እንዳመጣው ገርሟት አፏን በእጇ ያዘች። አባ ጭስ ትንፋሽ አጠረውና ጣቱን አነሣ።

ሽውውው አለ ሬዲዮው። ከዚያ ቀጭ አለ።

«አንተ ልጅ» አለች እትዬ። ድምፅዋ ወፍሯል። «ይህን ሥዕል ከጀርባ ነው የሳልከው። ካውያውን ላሳርፍ ስል ነው የታየኝ። የልብስ ልኬት በጨርቁ ጀርባ ሲነደፍ ግራው እጅጌ በቀኝ ነው የሚመጣው፤ እኔ ስንቱን ኮት በዚህ ስቀድ ኖሬ ላንተ ሥዕል ልሞኝ ነበር። ቦርድህን ገለበጥኩት፣ ሁሉም በቦታው መጣ። የጥቁሯን ሳጥን ሦስተኛዋን እግር እስክታበራ ነካሁ።» አፍንጫዋን ስትጠርግ ተሰማ። «የተናገርከውን ግን አልሰማሁም። ድገመው።»

አባ ጭስ ወደ ሚስቱ ዞረ። «አልሰማችም!» አለ ተስፋ ቆርጦ። «ብየዳው አልያዘም ማለት ነው። ምናልባት የብየዳው እርሳስ …»

«አንተ ሰውዬ!» አለች ሚስቱ እንባዋን እየጠረገች። «ካልሰማች መናገርህን በምን አወቀች?»

አባ ጭስ ማይኩን አየ። ፊቱ ቀላ። ጉሮሮውን ጠራረገ፣ እንደገና ጠራረገ። አሁን የሚሰማ አለ፤ ለዚህ ሰው ከዚህ የባሰ ነገር የለም። ቢሆንም ቁልፉን ተጫነው። «እትዬ» አለና ሁሉንም ደገመው፤ መኪናውን፣ መርገጫውን፣ ፀሐይ የሚገባበትን ክፍል። ‘ፈራሁ’ የሚለው ላይ ቆመ፣ ግን አልዘለለውም። ነይልኝ አለ።

«አሁንም አልሰማሁም» አለች እትዬ። «ድገመው።»

ፋርማሲስቱ አላስችል አለው። «እትዬ፣ ይቅርታ፣ እኔ እንኳ በደንብ ሰምቻለሁ። እርስዎም በግልጽ …»

«አንተን ማን ጠየቀህ?» አለች። «አንተ ዛሬ ነው የሰማኸው። እኔ ይህን ልጅ አፉን ከፈታበት ቀን ጀምሮ ስጠብቀው ኖሬአለሁ። ዝም በልና ወንድሜን አሰማኝ። ነገ ለልጄ ወንድሜ ጋ ነው የምቀረው የምላት እኔ ነኝ፣ በቃል ይዤው ልሂድ። በል፣ የኔ ወንድም፣ ድገም።»

የክበቡ ሰው ሁሉ ማይኩን አስቀመጠ። አባ ጭስም ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበና ከመጀመሪያው ጀመረ።